ከእብጠቱ እስከ ውጤቱ፦ በወለጋ ለጡት ካንሰር ገንዘብ ልትሰበስብ ለተነሳች ልጅ

ልጄ፣ በጥቅምት ሮዝ ቲሸርት አሳትመሽ፣ ነቀምቴ ላይ የእግር ጉዞ አዘጋጅተሽ፣ ስለ ጡት ካንሰር ልታስተምሪና ገንዘብ ልትሰበስቢ መነሳትሽን ሰማሁ። እሰይ፣ ይቅናሽ ብያለሁ። ግን በወለጋ ሆስፒታሎች በነርስነት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና መርቄሽ ብቻ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የሚጠቅምሽን ውሰጂ።

፩. መጀመሪያ ታማሚዋ የምትሄድበትን መንገድ አንቺ ራስሽ ሂጂበት። «ጡትሽን ዳብሺ፣ እብጠት ካገኘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ» ማለት ቀላል ነው። የትኛው ሐኪም ቤት? በየትኛው ቀን? ማን ጋ? ይህን ሳታውቂ ከነቀምቴ ወጣ ብላ በጉቶ ጊዳ የምትኖር እናት እብጠቷን እንድታገኝ ካደረግሽ፣ ፍርሃት ብቻ ጥለሽባት ሄድሽ ማለት ነው። ባነር ከማሳተምሽ በፊት ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ግቢ፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም ሂጂ። ወደ ምዕራብ የምትሠሪ ከሆነ ጊምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታልንና አይራ ሆስፒታልን ጠይቂ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ተመላላሽ የሚያየው በየትኛው ቀን ነው? አልትራሳውንዱ ይሠራል? በመርፌ ናሙና የሚወስድ አለ? ናሙናው የት ይነበባል? በስንት ቀን ይመለሳል? በስንት ብር?

ስለ ናሙናው የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፤ ችግሩ ግን እዚያ ነው። ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚቆርጠው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው። ፓቶሎጂስቶች በአገራችን ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። እናም ናሙናው ሌላ ከተማ ይላካል። ሴትዮዋ «እንደውልልሻለን» ተብላ ወደ ቀበሌዋ ትመለሳለች። ያስመዘገበችው ስልክ የጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱ ገበያ ሄዷል፤ ኔትወርክም የለም። ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር እብጠቱ አያድርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ሦስት ግቦች አስቀምጧል፦ ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ እንዲገኙ፣ ሐኪም ዘንድ ከቀረቡ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶው የጀመሩትን ሕክምና እንዲጨርሱ። ከሦስቱ አንቺ በእጅሽ ልታደርጊው የምትችዪው መካከለኛውን ነው። ሐኪም ለመሆን አትችዪም፤ ውጤቱን ተከታትሎ የሚያመጣ ሰው ግን መሆን ትችያለሽ።

፪. የምትሰበስቢበትን ወር ከፈረንጅ አትበደሪ። ኦክቶበር የጡት ካንሰር ወር ነው ብለው ዓለሙ ሁሉ ሮዝ ይለብሳል፤ በእኛ ከመስከረም ማገባደጃ እስከ ጥቅምት ሃያዎቹ መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ የወለጋ ገበሬ እጁ ባዶ ነው። ቡናው ገና እየቀላ ነው፣ በቆሎውም ገና ጎተራ አልገባም። ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ላይ ብር የሚንቀሳቀሰው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጀንፈሉ ደርቆ ለነጋዴ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ በጥቅምት አስተምሪ፤ ቆርቆሮውን ይዘሽ የምትዞሪው ግን በታኅሣሥና በጥር ይሁን።

ወጪውም የራሱ ወራት አሉት። በግንቦት እብጠት ያገኘች ሴት ባሏ «ቡናው ይድረስና እንሄዳለን» ይላታል። ክፋት አይደለም፤ የሚሸጥ ነገር የለም፣ ክረምቱ መጥቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ስድስት ወር ነው። ገና ሐኪም ዘንድ ሳትቀርብ የ60 ቀኑ ሦስት እጥፍ አለፈ። በሙያዬ ዘመን ዘግይተው የመጡ ብዙ ሴቶችን ተቀብያለሁ፤ «ለምን ዘገየሽ?» ስላቸው «አላወቅሁም ነበር» የሚሉት ነበሩ፣ «ቡናው እስኪደርስ» የሚሉትም አላነሱም። በራሪ ወረቀት ለእነዚህ ምንም አያደርግላቸውም። የአንቺ ገንዘብ በጥር ተሰብስቦ በሰኔና በሐምሌ የሚወጣ ይሁን። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ።

፫. ብሩ ለምን እንደሚውል ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ። «ለካንሰር ታማሚዎች» ካልሽ ሰው አምስት ብር ይጥልልሻል። «አንዲት እናትን ከነአስታማሚዋ ከነጆ ነቀምቴ አድርሶ ለመመለስና የናሙናውን ዋጋ ለመክፈል ይህን ያህል ያስፈልጋል» ብትዪ ነጋዴው ራሱ «የሁለቱን እኔ» ይላል። ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው፦ የአውቶብስ፣ የባጃጅ፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የካርድ፣ የአልትራሳውንድ፣ የናሙና። ወደ አዲስ አበባ የምትላክ ካለች 330 ኪሎ ሜትር ገደማ አለባት፤ አስታማሚ ሳትይዝ አትሄድም፤ ቀጠሮ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

የጤና መድን መታወቂያ እንዳላት ጠይቂያት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ገደማ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ነገር ግን የሪፈር ወረቀት ሳትይዝ ጤና ጣቢያውን ዘላ ከመጣች ላይጠቅማት ይችላል። መድኑ የመኪና አይከፍልም፤ መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለም ከውጭ በኪስ ይገዛል። ገንዘብሽ መግባት ያለበት በእነዚህ ክፍተቶች ነው እንጂ መድኑ የሚሸፍነውን ደግመሽ አትክፈዪ።

አዲስ አበባ ለሚሄዱት አንድ ስም ያዢ፦ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በስሙ ያቋቋሙት ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎች የሚያርፉበት ቤት አላቸው። ታማሚ ከመላክሽ በፊት ደውለሽ ቦታ መኖሩን አረጋግጪ። የጨረር ሕክምና ከታዘዘላት ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ ብቻውን ሲሠራ ቆይቶ አሁን ጅማም ጀምሯል፤ በበደሌ በኩል የሚቀናት ካለች ሐኪሟን ታማክር።

፬. አዲስ ማኅበር ከማቋቋምሽ በፊት እድሮቹን አንኳኪ። በነቀምቴ ቀበሌዎች እድር የሌለበት ሰፈር ፈልጊ ቢሉሽ ታጪያለሽ። ሰብሳቢ አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ ጡሩንባ አላቸው። ከሁሉ በላይ እምነት አላቸው፤ አንቺ ያንን ለማግኘት አሥር ዓመት ይፈጅብሻል። ችግራቸው ሕገ ደንባቸው ስለ ሞተ ሰው ብቻ የሚናገር መሆኑ ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን ግን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለውን ታማሚና ወላጅ አልባውን ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር። ያንን አስታውሺያቸው። የምትጠይቂው ትንሽ ነው፦ የአንድ አባል ሚስት ወይም ልጅ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች እድሩ የመጀመሪያውን ምርመራ የመንገድ ወጪ በብድር ወይም በስጦታ ይክፈል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «ለቀብር ያስቀመጥነውን?» ይላሉ። ተናግረው እስኪጨርሱ ጠብቂ። ከዚያ ባለፈው ዓመት በጡት ካንሰር የቀበሩትን ራሳቸው ያስታውሱ። በቁጥር አትከራከሪያቸው።

እዚያ የሚቀመጡት ወንዶች መሆናቸው ጥሩ ነው። በሬውን ወይም ጀንፈሉን ለመሸጥ የሚወስኑት እነርሱ ናቸውና ትምህርቱ ለሴቶች ብቻ ከሆነ ግማሽ መንገድ ይቀራል። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንድ ያህሉ ወንድ መሆኑንም ንገሪያቸው፤ ጆሯቸው ይቆማል።

፭. ብር በግል ቴሌብርሽ አትቀበዪ። አንድ ቀንም ቢሆን። ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ደብተር፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ በየሦስት ወሩ የሚለጠፍ ሒሳብ። በራስሽ ስም ሰፋ አድርገሽ ልትሠሪ ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሕግ መሠረት ተመዝገቢ፤ አለዚያ ማኅተም ባለው እድር ወይም ቤተ እምነት ሥር ሁኚ።

፮. ወለጋ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ የሚኖርባት አይደለችም። አፋን ኦሮሞ ይቅደም፤ ይህ አያጠያይቅም። ግን ቤጊና ጊዳሚ ዘንድ ማኦዎች አሉ፤ ከካማሺ በኩል ለሕክምና የሚመጡ ጉሙዞች አሉ፤ በየከተማው አማራውና ጉራጌው ነጋዴ አለ፤ ተፈናቅለው የሰፈሩ ቤተሰቦች አሉ። ወረቀት ማስተርጎም አይበቃም። ከእያንዳንዱ ወገን የምትሰማ፣ የወለደች፣ ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት ፈልጊ። ስለ ጡት ወሬ የሚወጣው ቡና ላይ እንጂ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን እንዳታልፊያቸው፤ ቤቱን ሁሉ ያውቁታል።

ወደ መካነ ኢየሱስ የሴቶች ክፍል፣ ወደ ኦርቶዶክሶቹ ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር፣ ወደ መስጊዱ ሴቶች፣ ወደ ካቶሊኩና ወደ አድቬንቲስቱ በየተራ ሂጂ። ሁሉንም በአንድ መድረክ ልሰብስብ አትበዪ፤ ፎቶው ያምራል እንጂ ስለ ጡቷ አፏን የምትከፍት ሴት አታገኚም። ከካህኑም ከፓስተሩም ከሼሁም የምትፈልጊው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም። ለኦርቶዶክሶቹ አብነት አለሽ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ጠበል የሄደችውን አትውቀሺ። ጠበል ሄዳ ስትመለስ ቀጠሮዋን ያዢላት።

፯. ስታስተምሪ አጭር ሁኚ። የማያምም እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ የተጨማደደ ቆዳ፣ በብብት ውስጥ እብጠት። «አያመኝም» ማለት መዘግየትን ያመጣል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምምና። አብዛኛው እብጠት ካንሰር እንዳልሆነም አብረሽ ተናገሪ፤ ፍርሃት ሴትን ቤት ያስቀምጣል። የአሮጊት በሽታ ብቻ አይደለም፤ በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ላይ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ነበር። የምታጠባም ትያዛለች። ቁጥር ከጠየቁሽ፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ አዳዲስ የጡት ካንሰር ታማሚዎችና 9 ሺህ ገደማ ሟቾች እንደነበሩ ገምቷል።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብለሽ አስረጂ፦ ስለት ወይም መርፌ ከነካው ይዛመታል የሚለውን። ይህ ወሬ ብዙ ሰው ፈጅቷል። እብጠቱ ተነክቶ ሞተች የሚሏት ሴት ስትነካ ቀድሞውኑ የዘገየች ነበረች። አትሳቂባቸው፤ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው፣ ምክንያቱን ነው የሳቱት።

፰. የታማሚዋን ፊት መለመኛ አታድርጊ። በየማኅበራዊ ሚዲያው ታማሚ እያስለቀሱ የባንክ ቁጥር የሚለጥፉ ሞልተዋል። ብር ይመጣል፣ አልዋሽሽም። ግን ያቺ ሴት ሕፃን ልጅ አላት፣ ልጅቷ ነገ ታገባለች፣ «በዘራቸው አለ» ይባላል። ባሏ ጥሏት ይሆናል። ታሪኳን ልትናገር ከፈለገች ድና፣ ለብሳ፣ በራሷ ጊዜ ትናገር። ምስክር ካሻሽ ሐኪሙ ይናገር፤ ወይም ያደረሳት ሹፌር።

፱. በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን፣ በተለይ ሚኒሶታ ያሉት፣ ማሽን መላክ ይወዳሉ። ስሙን የማልነግርሽ አንድ ቦታ በእርዳታ የመጣ ማሽን ከነሳጥኑ ቆሞ ተመልክቻለሁ፤ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ አልነበረም። ማሽን እንላክ ሲሉሽ አመስግኚና የናሙና ወጪና የታሞክሲፈን ዝርዝር ላኪላቸው። ታሞክሲፈን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በየቀኑ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሚዋጥ እንክብል ነው፤ በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና የሚመቹ ሆነው ተገኝተዋል። ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ችግሩ ከመደርደሪያ መጥፋቱና «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጡ ነው። በገጠር ሆስፒታልም የጡት ካንሰር ይታከማል፤ በአይራ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2016 የታከሙ 107 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ታትሟል። ቀዶ ሕክምናው አይራም ይሁን ነቀምቴ፣ በየወሩ ደውላ «እንክብሉ አለሽ?» የምትል ሴት ቅጠሪ። ደመወዟን ሚኒሶታዎቹ ይክፈሉ።

፲. መዝገብሽ ላይ ለእያንዳንዷ ሴት ሁለት ቀን ጻፊ፦ ሐኪም ቤት የደረሰችበትን ቀንና ውጤቷ በእጇ የገባበትን ቀን። ዓመቱ ሲያልቅ ለእድሩም ለሚኒሶታዎቹም የምታነቢው ይህንን ነው፤ ስንት ሰው ሮዝ ለብሶ ተራመደ የሚለውን ጋዜጠኞቹ ይጽፉታል። ከ60 ቀን ያለፈች ካለች ስሟን ሳትጠሪ ምን እንዳዘገያት ተናገሪ፣ የሚቀጥለውን ጥር ብር ወደዚያ አዙሪው። የሆስፒታሎቹን የተመላላሽ ቀን ጠይቀሽ ስትመለሺ ወደ ቤቴ ብቅ በዪ፤ የማውቃቸውን ነርሶች ስም እሰጥሻለሁ።