ለአዳራሽ ውስጥ ዝግጅቶች የዙም ሌንስ አመራረጥ፦ የሰርግ ፎቶግራፍ እንደ ማሳያ

ሙሽሮች ጎንበስ ብለው የወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበት ጊዜ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺው ቢያመልጠው ይደገምልኝ ሊል አይችልም። ድርጊቱ የሚፈጸመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳሎን ወይም በአዳራሽ መብራት ሥር ነው። ዓይን ደማቅ አድርጎ የሚያየው ይህ መብራት ለካሜራ እጅግ አነስተኛ ነው። ሌንስ ገዢዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ቢሆንም፣ ለአዳራሽ ሥራ ቀዳሚው ጥያቄ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ ነው።

ይህ አቅም የሚገለጸው በኤፍ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ብርሃን ለሚያስገባው ቀዳዳ፣ ማለትም ለአፐርቸሩ፣ ስፋት ሲካፈል በመሆኑ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው 18-55 ሚ.ሜ. ሌንስ በሰፊው ጫፍ እስከ ኤፍ 3.5 ቢከፈትም፣ ወደ 55 ሲሳብ በኤፍ 5.6 ይወሰናል። ይህም በኤፍ 2.8 ከሚገባው ብርሃን አንድ አራተኛው ብቻ ነው። በአይኤስኦ 1600 እና በኤፍ 2.8፣ 1/125 ሰከንድ የሚበቃበት አዳራሽ ቢወሰድ፣ በኤፍ 5.6 ሸተሩ ለ1/30 ሰከንድ መከፈት አለበት፤ አለዚያ አይኤስኦው ወደ 6400 ከፍ ይላል። 1/30 ሰከንድ ቆሞ ንግግር ለሚያዳምጥ እንግዳ ሊበቃ ይችላል። ትከሻው በእስክስታ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ግን 1/250 ሰከንድም ላይበቃ ይችላል።

በዚህ ረገድ የንዝረት መከላከያ ያለው ሌንስ ብዙዎችን ያሳስታል። መከላከያው የሚያርመው የፎቶግራፍ አንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የጨፋሪውን እንቅስቃሴ አይደለም። በኤፍ 5.6 የሚሠራ ባለመከላከያ ሌንስ ጥርት ያለ ግድግዳና የደበዘዘ ሙሽራ ሊያስገኝ ይችላል።

የአበሻ ልብስም በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አለው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ነጭ ነጠላ ምስሉን ሲሞላው መጋለጡን ይቀንሳል፤ ፊቶችም ይጠቁራሉ። ይህን ለማካካስ ብርሃን መጨመር ያስፈልጋል፤ ቀድሞውኑ በአቅሙ ጫፍ ላይ ያለ ሌንስ ግን የሚጨምረው የለውም። ፍላሽን ወደ ጣሪያ አንጥሮ መጠቀም መፍትሔ የሚሆነው ጣሪያው ዝቅተኛና ነጭ ሲሆን ነው። በቀለማት ያሸበረቀ ድንኳን ውስጥ የሚነጥረው ብርሃን የድንኳኑን ቀለም በሙሽሪት ፊት ላይ ይቀባል።

ቋሚ ኤፍ 2.8 ያለው ዙም የራሱ ዕዳ አለው። በ200 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ለማግኘት ቀዳዳው ወደ 71 ሚ.ሜ. መስፋት ስላለበት ሌንሱ ከባድና ውድ ይሆናል። የጥርት ጥልቀቱም ጠባብ ነው፦ ሙሉ መጠን ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ በ70 ሚ.ሜ. እና በ3 ሜትር ርቀት 30 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ረድፍ የቆሙ ቤተ ዘመዶች ሲነሡ ቀዳዳውን ማጥበብና ፍላሽ መጠቀም ግድ ነው። ኤፍ 1.8 ያለው ዙም የሌለው ሌንስ በዋጋ ይረክሳል፣ ብርሃንም ይበልጥ ያስገባል፤ ነገር ግን በሰው በተጨናነቀ አዳራሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ ከየት ይመጣል?

የሴንሰሩ መጠንም ምርጫውን ይወስናል። ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው አነስተኛ ሴንሰር ላይ 24-70 ሌንስ የ36-105 ያህል እይታ ስለሚሰጥ፣ ግድግዳ ከጀርባው ላለበት አንሺ ይጠባል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ 17-50 ወይም 17-55 ኤፍ 2.8 ይሻላል። ሲግማ በ2013 ያወጣው 18-35 ሌንስ በሙሉ ርዝመቱ ኤፍ 1.8 ቢሆንም፣ የዙም ክልሉ አጭር ነው።

አዲሱ ከአቅም በላይ ሲሆን ያገለገለ ኤፍ 2.8 ከአዲስ ኤፍ 5.6 ይመረጣል። ከመግዛት በፊት ግን በእጅ ባትሪ ውስጡን አብርቶ ሻጋታ መኖሩን ማየት፣ ከዚያም በዙሙ ሁለት ጫፎች፣ በኤፍ 2.8፣ የሰው ፊት አንሥቶ ዓይኑ መጥራቱን በኮምፒዩተር አጉልቶ መመርመር ያሻል።