በቹንቾን የቆመው የቃኘው ሐውልት



ሐውልት የሚቆመው ለማን ነው? ለሞተው ነው እንዳንል የሞተው አያየውም። ለቀረው ነው እንዳንል ደግሞ ድንጋይ ማየት ብቻውን ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር፣ በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን በምትባል ከተማ፣ በወንዝ ዳር ስለ ቆመው የኢትዮጵያ ወታደሮች መታሰቢያ ጥቂት እንነጋገር።

የነገሩ ሥር ያለው ከዚሁ ከአገራችን ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሲወረን፣ የመንግሥታት ማኅበር ሊያድነን አልቻለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ጄኔቭ ሄደው አቤቱታቸውን አሰሙ። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ተወርራ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ጥሪ ባሰማ ጊዜ፣ ጥቃትን የቀመሰችው ኢትዮጵያ ዝም አላለችም። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተጓዘ። ስሙም በራስ መኰንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተባለ።

በየተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ6,000 በላይ ወታደሮች ነበሩ። ከእነርሱ ከ120 በላይ ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ከመካከላቸው አንድም ሰው አልተማረከም። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ሌላው ሥራቸው ነው፤ ይኸውም ከደመወዛቸው እየቆጠቡ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን በማሳደጊያ መርዳታቸው ነው።

በቹንቾን ያለው ሐውልት በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በአጠገቡ ጣራው የአገራችንን ጎጆ ቤት የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። በአካባቢው በኢትዮጵያ ስም የተጠራ መንገድና ለብዙ ዓመታት የቆየ ቡና ቤትም ይገኛል።

በአገር ቤት ግን ነገሩ እንዲህ አልቀጠለም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ስለ ሆነ፣ የኮሪያ ዘማችነት በአደባባይ የማይነገርበት ዘመን መጣ። የባዕድ አገር ከተማ ስማቸውን በድንጋይ ጠብቃ ስትይዝ፣ ብዙዎቹ ዘማቾች በገዛ ቀያቸው በችግርና በዝምታ አረጁ።

ከዚህ ምን እንማራለን? በእኛ ባህል ተዝካር የሚወጣው የሟቹ ስም እንዲነሣና ድኻ እንዲበላ ነው። ሐውልትም እንዲሁ ነው፤ ስሙን የሚያነሣና ጧሪ ያጣውን የሚያስብ ሰው ካላገኘ ባዶ ድንጋይ ይሆናል። ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ከቆመ ከ70 ዓመት በላይ አልፏል፤ በሕይወት ያሉት ዘማቾች ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱን መጠየቅና ቃላቸውን መጻፍ የሚቻለው ዛሬ ነው። ለዚህም አውሮፕላን መሳፈር አያሻንም፤ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ይበቃል።

ለውይይት፦
1. በሰፈራችን ወይም በዘመዶቻችን መካከል የዘመተ አባት ወይም የዘማች ቤተሰብ አለን?
2. ጦርነትን ሳናወድስ ወታደርን ማክበር የምንችለው እንዴት ነው?
3. መንግሥት ሲለወጥ የባለውለታ ክብር አብሮ ሊለወጥ ይገባልን?