ፋሻ ቦርዱ ማዕዘን ላይ ለምን አጠረ?

ጥያቄ፦ ለቤቴ ጣሪያ ፋሻ ቦርድ እየገጠምኩ ነው። በሜትሮ ለክቼ የቆረጥኩት ጣውላ ማዕዘኑ ላይ አጠረ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ የለኩት ከመጀመሪያው ወራጅ እስከ መጨረሻው ወራጅ ከሆነ የጎደለዎት የጣውላው ውፍረት ነው። ሁለት ጣውላዎች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ማዕዘን ላይ ሲገናኙ፣ የውጭው ፊት በየማዕዘኑ ከውስጠኛው በውፍረቱ ልክ ይረዝማል። ወራጆቹ ላይ 8 ሜትር ለክተው ከሆነና ጣውላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ፣ በሁለቱም ጫፍ ማዕዘን ስላለ የውጭው ፊት 8 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ምልክቱን በውጭው ፊት ያድርጉ፤ መጋዙን ወደ ውስጥ አዘንብለው ይቁረጡ። የቤቱ ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ላይሆን ስለሚችል መጀመሪያ በሁለት ቁርጥራጭ ይሞክሩት። ያጠረውን ጣውላ አይጣሉት፤ ለአጭሩ ጎን ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ይወጥሩ። ያለፈውን ወራጅ ይከርክሙ፣ ወደኋላ የቀረውን በስስ እንጨት ይሙሉ። ይህ ከተዘለለ ጣውላው ይወላገዳል፤ አሸንዳውም መስመሩን ተከትሎ ይጣመማል።

አንድ ጣውላ ካልበቃዎት መቀጠያው የግድ ወራጅ መሃል ላይ ይረፍ። ሁለቱንም ጫፎች በሰያፍ ቆርጠው አንዱን በሌላው ላይ ያስተኙ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተቱ ጎልቶ አይታይም። የተቆረጠውን ጫፍ ሳይገጥሙ በፊት ቀለም ያጥግቡት፤ እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚመጠው በዚያ በኩል ነው።