ስለ መፍቀድና ስለ ማጽደቅ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈቃድን የሚመለከቱ ቃላት ብዙ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ‹ፈቀደ› የሚለው አንዱ ግሥ ሁሉን ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ ተማሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ ፐርሚትን፣ አላውን፣ ሌትን፣ ኮንሰንትን፣ ሳንክሽንን ሁሉ ‹መፍቀድ› ብሎ ቢጽፍ የሚወቅሰው የለም። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ፈቃጁ ማን እንደ ሆነና በፈቃዱ የሚታሰረው ማን እንደ ሆነ ይለያሉና፣ መምህር ልዩነታቸውን ሊያስተውል ይገባዋል።

አስቀድመን የራሳችንን ቃል እንመልከት። በግዕዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። በአማርኛም ‹ፈቃዴ ነው› ያለ ሰው መውደዱን ይናገራል፤ ‹ፈቃድ ሰጠኝ› ያለ ግን ከሌላ የተቀበለውን ይናገራል። እንግሊዞች ሁለቱን ለይተው የልብን ፈቃድ ዊል፣ ለሌላ የሚሰጠውን ፐርሚሽን ይሉታል። ይሁን እንጂ በለንደን ፓርላማ የወጣው ሕግ በንጉሥ ሲጸድቅ፣ ይኸውም ሮያል አሰንት የሚባለው ነው፣ በሥርዓቱ የሚሰማው ቃል በጥንታዊ ፈረንሳዊኛ ‹ንጉሡ ይወደዋል› የሚል ነው፤ ይህም ከግዕዙ ፈቀደ ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1708 ንግሥት አን ስለ ስኮትላንድ ጭፍራ የወጣውን ሕግ አላጸድቅም ካለች ወዲህ ይህን ቃል የነሣ ንጉሥ የለም።

ወደ ተራው ቃላት እንምጣ። ፐርሚት ከሮማይስጥ የመጣ ነው፤ ዘሩም አሳልፎ መስደድ ማለት ስለ ሆነ ሹም በሥልጣኑ ሲፈቅድ ይነገራል። አላው ከዚያ ይለዝባል፤ ሳይከለክሉ ማሳለፍንም ይጨምራል። ሌት የቤትና የመንደር ቃል ነው። በሰዋስው በኩል ከሌት በኋላ የሚመጣው ግሥ ‹ቱ› የሚለውን አይፈልግም፤ ከሁለቱ በኋላ ግን ይፈልጋል፤ ‹ሌት ሂም ጎ› እና ‹አላው ሂም ቱ ጎ› እንዲሉ። ደግሞ ሌት በጥንቱ እንግሊዝኛ መሰናክል የሚል ሌላ ቃል መንታ አለው፤ በእንግሊዝ ፓስፖርት ላይ መንገደኛው ያለ መሰናክል ይለፍ ተብሎ ሲጻፍ የሚገኘው ይኸኛው ነው። አፕሩቭ መልካም ከሚል ዘር ተወልዷልና፣ ከጽድቅ ለወጣው አጸደቀ ለሚለው ቃላችን ትክክለኛ ጓደኛው ነው። ‹ኦቭ› ሲከተለው ግን ነገሩን መልካም ነው ብሎ ወደደ ማለት እንጂ በሥልጣን አጸና ማለት አይደለም።

ተማሪው ከክፍል ለመውጣት ሲለምን ‹ሜይ አይ› ብሎ ይጀምር። ‹ካን አይ› ቢልም በእንግሊዝ አገር ራሱ የተለመደ ሆኗልና መቅጣት አይገባም። የቀደሙት መምህራን ግን ካንን ለችሎታ፣ ሜይን ለፈቃድ ይለዩ ነበር። የእኛ ‹ይቻላል› ሁለቱንም ያጠቃልላል፤ ‹ይህን ድንጋይ ማንሣት ይቻላል›፣ ‹በዚህ በር መግባት ይቻላል› እንላለንና።

ኮንሰንት ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዘሩ አብሮ መሰማት ማለት ሲሆን፣ አንዱ በሌላው አሳብ መስማማቱን ያመለክታል። ፈቃድ የተቀበለ ሰው ቢወድ ይሠራበታል፤ ቢወድ ይተወዋል። በውል ኮንሰንት ያደረገ ሰው ግን በቃሉ ታስሯል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ጽሕፈት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ‹ይቻላቸዋል› የሚል ነበር። የኢጣልያንኛው ግን የኮንሰንት ወንድም በሆነው ‹ኮንሴንቴ› በሚለው ቃል ተጽፎ፣ በእኛ አማካይነት ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ሆነ። የኢጣልያ መንግሥት ይህን ይዞ ኢትዮጵያ ከጥበቃዬ በታች ናት ብሎ ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነገሩ በዓድዋ ተቈረጠ። ለጦርነቱ ሌላ ምክንያት አልነበረም ማለት አይደለም፤ አገር የመያዝ ምኞት አስቀድሞ ነበረ፤ ምኞቱ የተደገፈበት ምርኩዝ ግን ይህ ቃል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ሳንክሽን ነው። ዘሩ በተቀደሰ ሥርዓት አጸና ማለት ነው። ሕግ ሲጸና ግን ትእዛዙም ቅጣቱም አብረው ይጸናሉና፣ አንዱ ቃል የበላይ ፈቃድም ቅጣትም ለመሆን በቃ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ያደረገው ሳንክሽን ቅጣት ነበረ። ዳሩ ግን ነዳጅ ዘይት ሳይከለከል፣ የሱዌዝም ቦይ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ቅጣቱ ተነሣ፤ ለወራሪው በፊተኛው ትርጕም፣ ማለት በፈቃድ፣ ተቈጠረለት የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ለተማሪው የሚሰጠው ምልክት ይህ ነው፦ ከቃሉ በኋላ ‹ኦን› ወይም ‹አጌንስት› ቢመጣ ቅጣት ነው፤ ‹ዊዝ ዘ ሳንክሽን ኦቭ› ቢል የበላይ ፈቃድ ነው፤ በብዙ ቍጥር ‹ሳንክሽንስ› ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት ነው።