የቤት ሥራውን ማሽኑ ቢሠራውስ?

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የቤት ሥራቸውን በቻትጂፒቲ አስጽፈው ያመጣሉ። እንከልክል ወይስ እንተወው?

መልስ፦ መከልከሉ አያዋጣም። «በማሽን የተጻፈውን እንለያለን» የሚሉት ሶፍትዌሮችም በገዛ እጁ የጻፈውን ተማሪ ይወነጅላሉ፤ በእነሱ ብቻ ተማምነው የማንንም ውጤት አይሰርዙ። መቀየር ያለበት የቤት ሥራው ነው። «የከተሞች መስፋፋት ያስከተለውን ችግር አብራራ» ካሉ ማሽኑ በደቂቃ ይጨርሰዋል። «መናኸሪያው አጠገብ ጀበና ቡና የሚሸጡ ሦስት ሴቶችን አነጋግረህ፣ ዕቁባቸው እንዴት እንደሚሠራ ጽፈህ ና» ቢሉትስ? የመስክ ማስታወሻውን በእጅ ጽሑፉ ያስረክብ፤ ከዚያ አስቀምጠው በቃል ይጠይቁት። ዕጣ የደረሳት ሴት ተራዋን ለሌላዋ መስጠት ትችላለች? ሳትከፍል የቀረችስ ምን ትሆናለች? ያልሄደ ተማሪ እዚህ ላይ ይንተባተባል።

ሰማንያ ተማሪ ለታጨቀበት ክፍል ይህ አድካሚ ነው፤ በቡድን ያድርጉት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነው። በምርጫ ጥያቄ ስለሚመዝን፣ ብዙ ተማሪ የመጨረሻ ዓመቱን ያለፉ ጥያቄዎችን በቴሌግራም ሲያሳድድ ይከርማል፤ መስክ መውጣት ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ስለዚህ በትምህርት ክፍላችሁ ስብሰባ ላይ የመስክና የቃል ምዘናው ከኮርሱ ውጤት ጠቀም ያለ ድርሻ እንዲይዝ ያስወስኑ። ነጥብ ከሌለው ማንም አይወጣልዎትም።