እጅ ሳይታዘዝ አንጎል ሲያዝ

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ከሰው አንጎል ጋር ስለሚገናኝ ኮምፒውተር ይዘንላችሁ ቀርበናል። ተከታተሉን!

ለመሆኑ እስክሪብቶ ስታነሱ እጃችሁን የሚያዘው ማነው? አንጎል ነው አይደል? በአንጎላችን ያሉ የነርቭ ሴሎች በጣም አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ በህብለ ሰረሰር ወርዶ፣ በነርቭ በኩል ጡንቻ ጋ ይደርሳል። ጡንቻው ሲኮማተር እጃችን ይንቀሳቀሳል።

ታዲያ በአደጋ ወይም በስትሮክ ይህ መንገድ ቢቋረጥስ? እጅ አይንቀሳቀስም። አንጎል ግን ማዘዙን ሊቀጥል ይችላል። መስመሩ እንደተቆረጠ ስልክ ማለት ነው፤ ተናጋሪው ይናገራል፣ ወዲያ ማዶ ግን አይሰማም።

በአሜሪካ ብሬንጌት የተባለው ምርምር ለዚህ መፍትሔ እየፈለገ ነው። ምስር የምታክል፣ 96 ቀጫጭን መርፌዎች ያሏት ቺፕ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ በቀዶ ጥገና ትተከላለች። መርፌዎቹ የሴሎቹን ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። ኮምፒውተሩም «ወደ ቀኝ» እና «ወደ ግራ» የሚሉትን ትእዛዞች መለየት ይማራል፤ ከዚያ ለሮቦት እጅ ያስተላልፋል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ሙከራ እጅና እግሯን ማዘዝ የማትችል አንዲት ሴት በሃሳቧ ብቻ የሮቦት እጅ አንቀሳቀሰች። ጠርሙስ አንስታ ወደ አፏ አስጠጋችና ቡናዋን በስትሮ ጠጣች። ሰው ሳያጠጣት ስትጠጣ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር!

ነገር ግን ገና ብዙ ይቀራል። ቀዶ ጥገናው ለኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ይችላል። በዚያ ሙከራ ላይም ሴትዮዋ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘችው ከጭንቅላቷ በወጣ ሽቦ ነበር።

ተማሪዎች፣ ከዚህ ምን እንማራለን? ያቺ ሴት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታስብ፣ ትፈልግ፣ ታዝ ነበር። ሰውነቱ የማይታዘዝለት ሰው አእምሮው አይሠራም ማለት አይደለም። ስለዚህ በዊልቸር የሚሄድ ወይም መናገር የሚቸግረው ሰው ስናገኝ፣ ከሚገፋው ሰው ጋር ብቻ አናውራ። እሱን ራሱን ሰላም እንበል፤ መልሱንም ታግሰን እንጠብቅ።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ፦
1. የአንጎል መልእክት በምን በኩል አልፎ ጡንቻ ጋ ይደርሳል?
2. ቺፗ የምትተከለው በየትኛው የአንጎል ክፍል ላይ ነው?

መልሱን ለክበባችን አባላት አምጡ።