እንደ በያይነቱ አትዘዙ፦ ለትንሽ አኳሪየም የመንጋ ዓሣ አመራረጥ

እኔ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር ያደግኩ የሃያ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ትናንሽ ዓሦች ነው። በተማሪ ክፍላችሁ ወይም በቤተሰብ ሳሎን ተክል ያለበት አኳሪየም ማቋቋም ለምታስቡ፣ እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ስህተቴ

ከሁለት ዓመት በፊት 54 ሊትር የሚይዝ ያገለገለ አኳሪየም ገዛሁ። ዓርብ ማታ ውኃ ሞልቼ ተክሎቹን ተከልኩ፤ ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ወጣሁ። ቀለማቸውን እያየሁ ልክ በያይነቱ እንደማዝ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ አነሳሁ፦ ሦስት ኒዮን ቴትራ፣ ሁለት ታይገር ባርብ፣ ሁለት ጉፒ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉፒዎቹ ጅራታቸው ተነጭቶ ሞቱ። ከኒዮኖቹም አንዱ ብቻ ቀረ። እሱም ቀለሙ ደብዝዞ ማጣሪያው ጀርባ ተደበቀ።

እማዬ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ነው የምትሠራው። ጠዋት ስትመለስ ቡናዋን ይዛ አኳሪየሙ ፊት ትቀመጣለች። አንድ ቀን ትክ ብላ አየችውና፣ “ልጄ፣ ይሄ ዘመድ የለውም እንዴ?” አለችኝ። ሳቅኩ። በኋላ ሳነብ ግን ትክክል ነበረች።

መንጋ ለምን ያስፈልጋል?

ትንሽ ዓሣ መደበቂያ የሌለበት ቦታ ላይ የሚተርፈው በቁጥር ነው። ብዙ ዓይን ካለ አዳኙ ቶሎ ይታያል፤ መቶ ተመሳሳይ ዓሣ አንድ ላይ ሲገለባበጥ ደግሞ አዳኙ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። ጣና ሐይቅን አስቡ። እዚያ ካሉት ላቤዮባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች መካከል ስምንቱ ዝርያዎች ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። በዚያው ሐይቅ ክፍት ውኃ ውስጥ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ ስም የወጣለት ኤንተሮሚየስ ታናፔላጊየስ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይኖራል። እንዲህ ላለ ዓሣ ብቻውን መቅረት ማለት መበላት ነው።

አኳሪየም ውስጥ አዳኝ ባይኖርም ዓሣው ይህን አያውቅም። ብቻውን ሲሆን ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ሊጨምርበት ይችላል። የእኛም የጭንቀት ሆርሞን እሱው ነው። ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል በሽታ የመከላከል አቅም ይወርዳል፤ ይህን ክፍል ውስጥ ስለ ሰው ተምረነዋል፣ በዓሣም ያው ነው። ስለዚህ ከአንድ ዝርያ ቢያንስ ስድስት፣ ከተቻለ አሥር ግዙ። ለኒዮን ራስቦራ ዘመድ አይሆነውም።

መጀመሪያ ውኃችሁን እወቁ

የኦስሎ የቧንቧ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከማሪዳልስቫነ ሐይቅ ነው። ውኃው በጣም ለስላሳ ነው፤ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዥየም ያንሰዋል። ቤታችን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የማይጋገረው ለዚህ ነው። ቧንቧ እንዳይበላ ተብሎ ስለሚታከም ግን ፒኤቹ ከ7 ትንሽ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ውኃ ለአማዞን ቴትራዎችና ለእስያ ራስቦራዎች ይመቻል፤ ጠንካራ ውኃ ለሚወደው ጉፒ ግን አይመችም። ሌላ ከተማ ያላችሁ የከተማችሁን የውኃ ትንተና ተመልከቱ። ውኃውን ለዓሣው ከመቀየር ዓሣውን ለውኃው መምረጥ ይቀላል።

ማንን እንምረጥ?

ኤምበር ቴትራ፦ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንደ ፍም ብርቱካናማ፣ ከብራዚል። ሰላማዊ ነው። ለ54 ሊትር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ይበቃል።

ኒዮን ቴትራ፦ ርካሽና ውብ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ውኃ አይችልም። አኳሪየማችሁ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ አምጡት።

ሃርለኪን ራስቦራ፦ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጠንካራ ነው፤ 80 ሊትርና ከዚያ በላይ ላላቸው እመክራለሁ።

ፒግሚ ኮሪዶራስ፦ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አሸዋ ይወዳል፤ ታች ብቻ ሳይሆን መሐል ውኃም ይዋኛል። ስድስትና ከዚያ በላይ ይሁኑ።

ዜብራ ዳንዮ፦ እንኳን ለእኛ ለተመራማሪዎችም ወዳጅ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጂኖም ጥናት ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በእሱም ውስጥ አቻ እንዳላቸው አሳይቷል። ሯጭ ስለሆነ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ያጥረዋል።

ታይገር ባርብ፦ ክንፍ ይነጫል፤ በተለይ ቁጥሩ ሲያንስ። ከዘገምተኛ ዓሦች ጋር አታኑሩት።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠብቁ

ኒዮኖቼን የገደላቸው ብቸኝነት ብቻ አልነበረም። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ናይትሬትን ተክሎቹ ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ የጠበቅኩት አንድ ሌሊት ነው።

ናይትራይት ዓሣን እንዴት እንደሚገድል ለእኛ ለጤና ተማሪዎች ግልጽ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይቀይረዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፣ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ናይትሬት በበዛበት የጉድጓድ ውኃ የዱቄት ወተት የተበጠበጠላቸው ሕፃናት የሚሰማያዊቱት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ከፍታችሁ፣ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመራችሁ ውኃውን በመመርመሪያ ለኩት። አሞኒያውም ናይትራይቱም ከፍ ብለው ወርደው ዜሮ ሲሆኑ የመጀመሪያውን መንጋ አስገቡ። ሁለተኛውን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ። በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ቀይሩ። በየቀኑ ደግሞ ልክ በሽተኛ እንደምንከታተል ተመልከቱ፦ ትንፋሹ ፈጥኗል? በልቷል? ከመንጋው ተለይቷል?

አንድ ማሳሰቢያ

የሰለቻችሁን ዓሣ ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። ለላምበርትሴተር ቅርብ የሆነው ኦስተንሾ ሐይቅ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የባዕድ አገር ዓሣ ወይ በብርድ ይሞታል፣ ወይ በሽታ ያመጣል። ለሌላ አርቢ ስጡት።

እኔም የቀረውን ኒዮን የሰጠሁት ከሃያ በላይ ኒዮን ላለው የሰፈር ሰው ነው፤ ታይገር ባርቦቹንም ትልቅ ገንዳ ላለው ሌላ አርቢ። አሁን አኳሪየሜ ውስጥ አሥራ ሁለት ኤምበርና ስድስት ፒግሚ አሉ። እማዬም ጠዋት ጠዋት ፊታቸው ትቀመጣለች። የሰፈሩን ሰው ባገኘነው ቁጥር ግን ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው፣ “ያ ልጅ ለመደ?” ብላ ነው። ለምዷል። ቀለሙም ተመልሷል።